የበረዶ ታሪፍ

በእኛ ዘመን መብራት የሚሸጠው አንድ ብቻ ነበር፤ መንግሥት። ዋጋውን የሚተምነው መንግሥት፣ የተተመነው ዋጋ ልክ መሆኑን የሚቆጣጠረው መንግሥት፣ ቅር ያለው ሰው አቤት የሚለውም ለዚያው ለመንግሥት ነው። አዲስ አበባ ያሉት ይህን ሁሉ ሠርተው ሲጨርሱ የተረፈውን ለእኛ ለድሬዳዋዎቹ ይልኩልናል። የሚተርፈው ደግሞ ካርድ መደርደር ነው። ደርዳሪው እኔ ነበርኩ።

ቢሮው ከዚራ ሰፈር ነው፤ ባቡሩን ከዘረጉት ፈረንጆች የተረፈ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ቤት። ጣሪያው ላይ ቬንቲሌተር አለ፤ አይዞርም። የመብራት መሥሪያ ቤት ቬንቲሌተር ለምን እንደማይዞር የሚጠይቀን ደንበኛ አይጠፋም፤ እኛም ጉዳዩ ለሚመለከተው ክፍል መቅረቡን እንነግረዋለን። ከቬንቲሌተሩ ሥር ጠረጴዛዬ፣ ከጠረጴዛዬ ጎን ሦስት የብረት መሳቢያዎች ነበሩ። አንዱ የመኖሪያ ቤት፣ አንዱ የንግድ፣ አንዱ የፋብሪካ። እያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ካርድ አለው፤ ካርዱ የተቀመጠበት መሳቢያ ታሪፉን ይወስናል። በአንድ ሽቦ የሚመጣው ያው ኤሌክትሪክ መኖሪያ ቤት ሲገባ ይረክሳል፣ ቡና ቤት ሲገባ ይወደዳል። ሁለቱ ቤቶች ግድግዳ ይጋሩ ይሆናል። በአንዱ ባለ አርባ ሻማ አምፑል ሥር ልጅ ያጠናል፣ በሌላው ሥር ቢራ ይከፈታል። አምፑሉ ልዩነቱን አያውቅም፤ የማውቀው እኔ ነኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ለሞላው ሰው ይህ ከቢራው ይልቅ ያሰክራል።

አለቃዬ ከንጉሡ ዘመን ጀምረው እዚያው ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰው ነበሩ። መንግሥት ሲለወጥ ሳይነኩ የቀሩት ወንበራቸው ስለማይንቋቋ ነው ብለን እናማቸዋለን። ስለ ሥራው የሰጡኝ ምክር አንድ ብቻ ናት። «ሰርኩላር ሲመጣ ሦስት ቀን አስተኛው» አሉኝ። «በሦስተኛው ቀን ራሱ ከነቃ ትሠራበታለህ።» እኔ ይህን የአሮጌው ሥርዓት ስንፍና አድርጌ ወሰድኩትና በልቤ አዘንኩላቸው።

ከሥራ ስወጣ ቤቴ ሳልገባ የምደርስበት አንድ በር ነበረኝ። ከቀፊራ ገበያ ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ያለ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ነው። ባለቤቷ ሶማሌ ናት፤ ሰፈሩ በሙሉ ኤዶ ይላታል፣ በቋንቋዋ አክስት እንደማለት ነው። ባሏ የጅቡቲ መንገድ ሾፌር ነበር። ሲሞት አራት ልጅና አንድ ፍሪጅ ተወላት። ፍሪጁ በየት በኩል እንደገባ ድሬዳዋ ውስጥ የሚጠይቅ ባለጌ የለም። ኤዶ በዱቄት ወተት ጣሳ ውሃ እየሞላች በረዶ ትሠራለች፤ ጠዋት በረዶውን ለቀፊራ ነጋዴ፣ ከሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ በኩባያ ለአላፊ አግዳሚው ትሸጣለች። አራቱ ልጆች የሚበሉትም የሚለብሱትም ከዚያ ፍሪጅ ነው።

እኔም አላፊ አግዳሚ ነበርኩ። እናቴ ከደጋ ይዛው በመጣችው ጨዋነት ስላሳደገችኝ መጀመሪያ ሰሞን «እባክዎ አንድ ኩባያ ይስጡኝ» አልኳት። ኤዶ ዘወር ብላ ከኋላዋ ሰው ፈለገች። «ብቻዬን ነኝ አቦ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንደ ድሬ ልጅ አንቺ እላታለሁ። ያን ውሃ ስጠጣ ጥርሴን እስኪያመኝ ይቀዘቅዝ ነበር፤ ድሬዳዋ ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ሹመት አላውቅም።

ሰርኩላሩ የመጣው ሙቀቱ በጠናበት ወር ነው። ቃሉ አጭር ነው፦ በመኖሪያ ቤት ታሪፍ እየተጠቀመ ትርፍ የሚያገኝ ደንበኛ ተጣርቶ ወደ ንግድ ታሪፍ ይዛወር፤ የንግድ ፈቃድ ከሌለው እስኪያቀርብ ድረስ መስመሩ ይቋረጥ። አለቃዬ አነበቡት፣ አጥፈው ከሻይ ብርጭቋቸው ሥር አደረጉት። እኔ ቅጂው ነበረኝ። ቅጂውን ይዤ የመኖሪያ ቤቱን መሳቢያ ከላይ እስከ ታች በረበርኩት፣ በሁለተኛውም ቀን ያሰብኩትን አገኘሁ። ከቀፊራ ጀርባ ያለ አንድ መኖሪያ ቤት እንደ ደህና ቡና ቤት ኤሌክትሪክ ይጠጣል። ካርዱ ላይ ያለው ስም የወንድ ነው። በሐሳቤ ቦርጫም ነጋዴ ሠራሁለት፤ ጓዳው ውስጥ ሞተር የደበቀ፣ በሕዝብ ኤሌክትሪክ የሚወፍር። በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደረግኩበት።

አገሩን የሚገዛው ራሱ ኮሚቴ ስለነበረ እኛም ያለ ኮሚቴ ምንም አናደርግም። አጣሪዎቹ ሦስት ነን፦ ከመሥሪያ ቤቱ እኔ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ከሴቶች ማኅበር ደግሞ አንዲት ተወካይ። የሁለት ሰው ፊርማ ካገኘ ውሳኔው ይጸናል። ሊቀመንበሩ ሰዓቱን ለስምንት ቀጠሩት። በድሬዳዋ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንኳን ሰው ውሻም ከጥላ አይወጣም። እንዲህ ያለ ሰዓት የሚቀጥር ሰው ወይ ፀሐይ አይፈራም፣ ወይ መታየት አይፈልግም። ሰውየው ፀሐይ ይፈሩ ነበር።

የቤቱን ቁጥር ይዤ ከፊት ሄድኩ። ቀፊራን አልፈን ወደ ጠባቡ መንገድ ታጠፍን። የቤቶቹ ቁጥር እየጨመረ ሄደና ሰማያዊው በር ላይ ቆመ። ካርዱ ላይ ያለው ወንድ የሞተው ሾፌር ነበር። ባሏ ከሞተ በኋላ ስሙን የሚያዛውርላት ስላላገኘች ካርዱ በእሱ ስም ቀርቷል። ቦርጫሙ ነጋዴዬ ኤዶ ሆና ተገኘች።

ያኔ «ተሳስቻለሁ፣ እንመለስ» ብል ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ግን ሊቀመንበሩ ቀደሙኝ። በሩ ፊት ቆመው፣ ላባቸውን እየጠረጉ፣ «ይህ ደግሞ የማን ቤት ይሆን?» አሉ ጮክ ብለው። ተወካይዋ መንገዱን ወደ ላይና ወደ ታች አይታ «እኔ በዚህ በኩል አልፌ አላውቅም» አለች፤ ቤቷ ሦስተኛው በር ነው። እኔም «ቁጥሩ ግን ይኸው ነው» አልኩ፣ ከአዲስ አበባ በዚያን ቀን ባቡር የወረድኩ ያህል። ሦስት ሰዎች በየቀኑ የሚጠጡበት ቤት ደጃፍ ላይ ጠፍተው ቆሙ።

ኤዶ ከፈተች። ወሬው ደርሷታል፤ ግቢው ተጠርጓል፣ ኩባያ ይዞ የሚጠብቅ ሰው የለም፣ ጣሳዎቹ ተሸሽገዋል። ፍሪጁን ስንከፍት ሁለት ቲማቲምና አንድ ቁራጭ ሥጋ ትልቁን ቦታ ይዘው ተቀምጠዋል። ኤዶ አንዳችንንም እንደማታውቅ ሆነች፤ ከእኛ ይልቅ ጨዋታውን ጥሩ ተጫወተችው። ደህና አድርገን መዝግበን ብንወጣ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር። ግን በዚያ ፀሐይ ቤቷ የገባን ሰው ውሃ ሳታጠጣ ማሰናበት አልሆነላትም። «ካላያ፣ ፈሪስታ» አለች፣ ኑ ተቀመጡ ማለቷ ነው። ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ በረዶ የሚንሳፈፍበት ሦስት ኩባያ በትሪ አቀረበች።

ጠጣን። ሊቀመንበሩ እስከ ታች ጨለጡና ዓይናቸውን ጨፍነው «እፎይ» አሉ። ከዚያ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ሳንቲም አወጡና ትሪው ላይ አስቀመጡ። ኤዶም ሳታስበው «ተወው አቦ፣ ዛሬ እንግዳዬ ነህ» አለች።

ደንበኛ መሆናቸውን ለማጋለጥ ሳንቲሙ ባይበቃ «ዛሬ» የሚለው ቃል ሞላው። ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን ሲገልጡ ሁላችንም ትሪውን እያየን ነበር። ሰውየው ስብሰባ ላይ ያደጉ ናቸውና ቶሎ ተነሡ። «ጓዶች» አሉ፣ «ይህ መዋጮ ነው።» ተወካይዋ ለምን የሚሆን መዋጮ እንደሆነ ጠየቀች። «ዓላማው ወደፊት ይወሰናል» አሉ።

ስቄ መተው ነበረብኝ። ሳቁ እዚህ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከእሳቸው ቀጥሎ የሚጋለጠው እኔ እንደሆንኩ ታወቀኝና ፈራሁ፤ ስፈራ ደግሞ ደንብ እጠቅሳለሁ። እስከ ዛሬም ይሄ አመል አለብኝ። ቅጹን አወጣሁና «ሽያጭ ታይቷል። ንግድ ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ካርዷ ወደ ንግዱ መሳቢያ እንደሚዛወርም ነገርኳት።

ኤዶ ከትሪዋ ቀና ብላ አየችኝ። «ወሪያ» አለችኝ፤ ወንድ ልጅ የሚጠራበት ቃሏ ነው። «ወደዚያኛው መሳቢያ ስገባ ምን እሆናለሁ?»

«ዋጋው ትንሽ ይጨምራል። ፈቃድ ማውጣት ይኖርብሻል።»

«ፈቃድ ሰጪው ፍሪጁን ከየት አመጣሽው አይለኝም?»

«እሱ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው» አልኳት። በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ የማፍርበት ይህኛው ነው።

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን ረስተው እንደመጡ አስታወሱና አልፈረሙም። መነጽር ኖሯቸውም አያውቅ። ቀረች ተወካይዋ። መሠረተ ትምህርት ጀምራ ወራት ሆኗት ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በአሻራዋ ነበር የምትፈርመው። ወረቀቱን አገላብጣ አየችና «ኤዶን ይጎዳታል?» ብላ ጠየቀችኝ። «መሳቢያ መቀየር ብቻ ነው» አልኳት። አመነችኝ፤ የተማርኩ ነኛ። እስክሪብቶውን ጨብጣ፣ ምላሷን አውጥታ፣ ስሟን በፊደል ጻፈች። የመጨረሻውን ፊደል ስትጨርስ ለኤዶ አሳየቻት። ኤዶም «ማሻአላህ» አለቻት።

አለቃዬ ውሳኔውን አይተው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉና ከሻይ ብርጭቆው ሥር ጨመሩት። ሦስት ቀን ተኛ። ሌላ ሦስት ቀን ተኛ። እኔ ማስታወሻ ጻፍኩላቸው፣ ግልባጭ ለክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት። ግልባጭ ሲያዩ ብርጭቋቸውን አነሡና ፈረሙ። «እኔ አስተኝቼው ነበር» አሉኝ፤ ሌላ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ወረቀቱ ሲንከላወስ ሰንብቶ የመስመር ሠራተኛው መሰላሉን ይዞ የወጣው ረመዳን በገባ በአምስተኛው ቀን፣ ጠዋት ነው። ያን ዓመት ረመዳን ሙቀቱ አናት ላይ ነበር የወደቀው። እኔ ቢሮ ቀረሁ፤ ሥራ አለብኝ ብዬ።

የሆነውን ኋላ ከሰፈሩ ሰዎች ሰማሁ። ኤዶ ለማታው አፍጥር ብላ ፍሪጁን በጣሳ ሞልታው ነበር። መስመሩ ሲቆረጥ በዚያ ሙቀት በረዶው ለማታ እንደማይደርስ አውቃ፣ ቀልጦ ከሚፈስስ ብላ ለማደል ተነሣች። ጣሳዎቹን በጆንያ ጠቅልላ ቤት ለቤት ዞረች። ሕመምተኛ ላለበት፣ ሽማግሌ ላለበት፣ ሥጋ ለሚሸጠው፣ ለመስጊዱ ጋን። አንድም ሰው አላስከፈለችም።

እኛ ዘንድ የደረሰችው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ከጋሪ ወርዳ፣ ጆንያ ታቅፋ ገባች። ከንጋት ጀምሮ ጠብታ ውሃ ያልቀመሰ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ጣቶቿ ግን ከበረዶው የተነሣ ቀልተው ረጥበዋል። አንድ ጣሳ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

«ይሄ ያንተ ነው» አለችኝ። «ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሻለሁ። አንተም የሰፈሩ ሰው ነህ። ጠጣው፣ ይቀልጣል።»

መጠጣት አልቻልኩም። ዓይኗ እያየ፣ እሷ በጾም፣ እንዴት ልጠጣ? ጣሳው ጠረጴዛው ላይ ላብ አወጣ፤ ውሃው ወደ ሰርኩላሩ ቅጂ ሲሄድ አየሁት፣ አላነሣሁትም። ተናዳ ብትሰድበኝ እወድ ነበር። ለስድብ መልስ አላጣም።

«ወሪያ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ነገ ምን ልሽጥ? የተማርክ ነህ፣ ንገረኝ። ከልቤ ነው የምጠይቅህ።»

ሦስቱን መሳቢያዎች አየሁ። ከሦስቱ በአንዱም መልስ አልነበረም። ሌላ ጣሳ ለአለቃዬ ሰጥታ ወጣች። እኔ እዚያው ወንበሬ ላይ አለቀስኩ፣ ደረሰኝ ሊጠይቅ የመጣ ደንበኛ ፊት። ደንበኛው በኋላ ይሻለኛል ብሎ ሄደ።

አለቃዬ ጣሳቸውን ታቅፈው መጡና አጠገቤ ቆሙ። «ለምሕረት የሚሆን ቅጽ የለንም» አሉኝ። «ለስህተት ግን አለ። አረንጓዴው ነው፣ ከታች ያለው።»

አረንጓዴውን አወጣሁ። የቆጣሪውን ንባብ ስገለብጥ አንድ አኃዝ እንዳሳሳትኩ፣ ቤቱ እንደማንኛውም መኖሪያ ቤት እንደሚጠቀም፣ በግቢው ውስጥ ሽያጭ አየሁ ያልኩትም ከሙቀቱ የተነሣ ባደረብኝ የራስ ምታት እንደሆነ ጻፍኩ። ሁሉም ውሸት ነው። እንዲያ የጣፈጠ ውሸት ከዚያ ወዲህ ጽፌ አላውቅም። ወደ ሰፈሩ ይዤው ስሄድ ሊቀመንበሩ መነጽር ሳያስፈልጋቸው በቆሙበት ፈረሙ። ተወካይዋ ግን ወረቀቱን ከእጄ ነጥቃ በራፏ ላይ ቁጭ አለች። ፊደል በፊደል፣ ጣቷን ከሥር እያስኬደች፣ ከርዕሱ እስከ ቀኑ ድረስ አነበበችው። ጀምበሯ ስታዘቀዝቅ ቆሜ ጠበቅኋት። ስትጨርስ ፈረመችና፣ ፊቴን ሳታይ ወረቀቱን ዘረጋችልኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋን ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

እኔ የጥንቃቄ ጉድለት ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ፣ የዚያ ዓመት እድገቴም ቀረ። መስመሩ በማግሥቱ አሥር ሰዓት ገደማ ተቀጠለ። መቀጠሉን ሳይ ደስ ብሎኝ፣ እንደ ጀግና ልቀበል ይሆን እያልኩ፣ ወደ ማታ ወደ ሰፈሩ ሄድኩ።

በረዶ ግን በሰርኩላርም በአረንጓዴ ቅጽም አይቸኩልም። ፍሪጁ ያንጎራጉራል፣ ጣሳዎቹ ተሞልተው ተደርድረዋል፣ ውስጣቸው ያለው ግን ውሃ ነው። በሰማያዊው በር ፊት ሰሌን ተነጥፏል። ጎረቤቱ ቀኑን ሙሉ ቀፊራ ጠራራ ላይ ሲሸከም፣ ሲያራግፍና ሲጮኽ ውሎ፣ ተምርና ሳምቡሳ ፊቱ አስቀምጦ አዛን ይጠብቃል። ሰው ሁሉ መስመሩን ያስቆረጠው ማን እንደሆነ ያውቃል። ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

አዛን ተሰማ። ኤዶ ከእንስራ እየቀዳች ኩባያውን አዞረች። ሽማግሌዎቹ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቁት የዋሉትን ውሃ፣ ቧንቧው ፀሐይ ላይ አሙቆ የላከውን ያንን ውሃ፣ ፊታቸውን ሳያኮሳትሩ ጠጡት። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ እንደ ወትሮው። ማንም ወደ እኔ አልዞረም። መሬት ብትከፈትና ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ኩባያው እኔ ዘንድ ደረሰ። ቀኑን ስበላና ስጠጣ ነው የዋልኩት። ለጾመኞቹ ይድረስ ብዬ ወደ ጎን ላሳልፈው ስል ኤዶ እጄን ያዘችኝ።

«ጠጣ» አለችኝ፣ የታመመ ልጅ እንደምታባብል። «ነገ ይበርዳል።»